የ60 ኸርዝ ትራንስፎርመር በእኛ መብራት እየጋለብኝ ነው፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁም። አዳማ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። አጎቴ ከአሜሪካ የ120 ቮልት መላጊያ ማሽን ከነትራንስፎርመሩ ላከልኝ፤ ደስታዬ ግን ሁለት ቀን አልቆየም። ትራንስፎርመሩ ላይ 240/120 ቮልት፣ 3 ኬቪኤ (የአቅሙ መጠን)፣ 60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ይላል። የኛ መብራት ደግሞ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱ ከተቀራረበ ይበቃል ብዬ ሰካሁት። ማሽኑን እንኳ ሳላገናኝ፣ ባዶውን፣ በግማሽ ሰዓት እጅ የማያስነካ ሆነ። ድምፁ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ሳበራው አንዳንዴ ብሬከሩ ይወርዳል። የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ግን ይሄ የአየሩ አይመስለኝም።

እንደገባኝ ከሆነ ኸርዙ ሲቀንስ ብረቱ ውስጥ ያለው የማግኔት ፍሰት ይጨምራል። ፍሰቱ የሚከተለው ቮልቱ ለኸርዙ ሲካፈል የሚመጣውን ነው፤ 240ን ለ60 ሳካፍል 4፣ 220ን ለ50 ሳካፍል ግን 4.4 ይመጣል። በ10 በመቶ አልፏል ማለት ነው፤ ብረቱ አንዴ ከጠገበ (ተጨማሪ ፍሰት መሸከም ካቃተው) ደግሞ ጥምጥሙ ያለ ሥራ ብዙ አምፒር ይስባል፣ ሙቀቱም ጩኸቱም ከዚያ ነው።

ታዲያ 200 ለ50 ሲካፈል 4 ስለሚመጣ፣ መግቢያውን በቫሪያክ (ቮልት ከፍ ዝቅ ማድረጊያ) 200 ቮልት ላይ ባደርገው ይረጋጋል? ያኔ መውጫው 100 ቮልት ይሆናል። የማሽኑ ሞተር ኢንዳክሽን (ፍጥነቱ ኸርዙን የሚከተል ዓይነት) ስለሆነ በ50 ኸርዝ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይወርዳል፣ ጉልበቱም እንደዚያው። ዋንዛ ለመላግ ይችላል? ወይስ ለ50 ኸርዝ እንዲሆን እንደገና ላስጠምጥመው? በእጁ የሞከረ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ለጊዜው ነቅዬ አስቀምጬዋለሁ።