ሽቦው ከፊልዱ ጋር ትይዩ ሲሆን ፎርሱ የት ይሄዳል?

ጠያቂ (ደሴ፣ 12ኛ ክፍል)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማትሪክ ደርሶብኛል፣ ማግኔቲዝም ላይ ግን ተቸክዬ ቀርቻለሁ። 0.2 ሜትር ሽቦ፣ 4 አምፔር ከረንት፣ 0.5 ቴስላ ፊልድ፣ ሽቦው ከፊልዱ ጋር 30 ዲግሪ ነው። በኮሳይን ሠርቼ 0.35 ኒውተን አገኘሁ፣ መልሱ ግን 0.2 ነው። ደግሞስ የትኛው እጅ ነው? ግማሹ ልጅ ቀኝ ይላል፣ ግማሹ ግራ።

መልስ (ኮምቦልቻ፣ ፊዚክስ አስተምራለሁ)፦
አብሽሪ እህቴ። ሳይን ነው። ፎርስ የሚያመጣው ፊልዱን አቋርጦ የሚያልፈው የከረንት ድርሻ ብቻ ነው፣ ከፊልዱ ጋር አብሮ የሚሄደው አይገፋም። 0.5 × 4 × 0.2 × ሳይን 30 = 0.2። በ90 ዲግሪ 0.4 ይሆን ነበር።

ቀኝ እጅ ሽቦው ራሱ ዙሪያውን የሚፈጥረውን ፊልድ ለማወቅ ነው። ለፎርስ ግራሽን ያዢ። አሁን ውጪና የጦሳን ተራራ በግራሽ አድርገሽ ቁሚ፣ ፊትሽ ሰሜን ነው። አገራችን ለማግኔቲክ ኢኩዌተር ቅርብ ስለሆነች የምድር ፊልድ እኛ ጋ አግድም ሊባል በሚችል ሁኔታ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው። ጠቋሚ ጣትሽን ወደ ፊት ዘርጊ፣ እሱ ፊልዱ ነው፤ የመሃሉን ወደ ቀኝሽ ማለትም ወደ ምሥራቅ ዘርጊ፣ እሱ ከረንቱ ነው። አውራ ጣትሽ ሰማይ አየ አይደል? ፎርሱ ወደዚያ ነው። ያንኑ ሽቦ ወደ ሰሜን ብትዘረጊው ግን ፎርሱ ከምንም አይቆጠርም።

መልስ (ኮምቦልቻ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ)፦
መምህር በደንብ አስረድተውሻል፣ እኔ ከሥራዬ ልጨምር። ሞተሪኖ፣ ማለትም የመኪናውን ሞተር የሚያስነሳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ፈተሽ ስታዪው የጥቅልሉ አንድ ጎን ከረንት ወደዚህ፣ ሌላው ጎን ወደዚያ ይወስዳል፣ ስለዚህ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ይገፋና ይዞራል። ከረንት የሚያስገቡት ካርቦኖች ኮሚውቴተሩ (ከጥቅልሉ ጋር የሚዞረው የተከፋፈለ የመዳብ ቀለበት) ላይ እየተንሸራተቱ ከረንቱን ባይገለብጡለት ግማሽ ዙር ሳይሞላ ይቆም ነበር። 12 ቮልት ባትሪ ያን ከባድ ሞተር የሚያነሳው ከ100 አምፔር በላይ ስለሚሰጥ ነው። ካርቦኑ ሲያልቅ ቁልፍ ብታዞሪ ወይ ፍንክች።

በእጅሽ ሞክሪው። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጪ፣ ቀጭን የፎይል ቁራጭ በላዩ ላላ አድርገሽ አሳልፊ፣ ጫፎቹን ከባትሪ ድንጋይ ጋር አንዴ ነክተሽ ልቀቂ። አታቆዪው፣ ይግላል።

ጠያቂ፦
መምህርም ወንድሜም ተባረኩልኝ! ፎይሉ ወደ ጎን ዘለለ፣ ድንጋዩን ስገለብጠው ወደ ሌላው ጎን። ድንጋዩንም ማግኔቱንም አንድ ላይ ስገለብጥ ግን ወደ መጀመሪያው ጎኑ ተመለሰ፣ በግራ እጄም ሳረጋግጠው ያው ነው።