ያልገደለ ሰው ቢገደልስ? የሞት ቅጣት ከሕጋችን ይውጣ ወይስ ይቆይ?

የጠባሴው አንባቢ፦
የንባብ ጓደኞቼና እኔ በዚህ ወር ያነበብነው የጆን ግሪሻምን «ዘ ኮንፌሽን» ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የፍርድ ቤት ልቦለድ ነው። እሑድ ደብረ ብርሃን ተገናኝተን ስንከራከር አመሸን፤ አልተቋጨም። እዚህ እንቀጥል።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። መጨረሻውን ሳልናገር መከራከር ስለማይቻል ይቅርታ አድርጉልኝ። ታሪኩ ቴክሳስ ውስጥ ነው። ዶንቴ የሚባል ጥቁር ወጣት ኒኮል የምትባል ተማሪ ገድለሃል ተብሎ ይያዛል። አስከሬኗ አልተገኘም። ሲገድል ያየ የለም። መርማሪዎቹ ለረጅም ሰዓታት አፋጠጡት፤ ዋሹት፤ አስፈራሩት። በመጨረሻ ደክሞት «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ። ኋላ ቃሉን ቢክድም ሰሚ አላገኘም። ዘጠኝ ዓመት ታስሮ፣ ሊገደል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ እውነተኛው ገዳይ ካንሳስ ውስጥ ወደ አንድ ፓስተር መጥቶ «የገደልኳት እኔ ነኝ» ይላል። ማን ሰማው? ዶንቴ በመርዝ መርፌ ተገደለ። አስከሬኗ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ የሞት ቅጣት ከሕጋችን ይውጣ ባይ ነኝ። ብዙ ሰው መጽሐፉን ሲያነብ ዓይኑ መርፌው ላይ ነው። የኔ ዓይን የቀረው ያች የምርመራ ክፍል ውስጥ ነው። «አምኗል» የሚል ወረቀት አንዴ ከተጻፈ በኋላ የመጣው ሁሉ እሱ ላይ ተደገፈ። ዐቃቤ ሕጉ አነበበው። ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝቡ ተመርጠው የሚፈርዱት ሰዎች፣ አመነው። የይግባኝ ዳኞቹ «ራሱ አምኖ የለም እንዴ» አሉ። በስንት እጅ ያለፈ ፍርድ ይመስላል፤ መሠረቱ ግን የአንድ ሌሊት ወረቀት ነው። ስህተቱ ሲታወቅ የታሰረን ሰው በር ከፍተን እናወጣዋለን። የገደልነውን ምን እናደርገዋለን?

ከመሐል ሜዳ፦
ወንድሜ፣ አጻጻፍህን ወድጄዋለሁ። መጽሐፉንም ልጄ ሰጥቶኝ አንብቤዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በል። ልቦለድ ነው። ደራሲው ገና ከመጀመሪያው ገዳዩን አምጥቶ አሳየህ። ልጁ ንጹሕ መሆኑን አውቀህ ነው ያነበብከው። በእውነተኛው ዓለም ማን እንዲህ ይነግርሃል? ዳኛው የቀረበለትን ማስረጃ አይቶ ይፈርዳል። ከዚያ በላይ ከሰው አይጠበቅም።

ደግሞ ስለ ዶንቴ ስንት መስመር ጻፍክ፤ ስለ ኒኮል ስንት? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ያደግኩት መንዝ ነው። የሟች ወገን ፍርድ ቤቱን እንዴት እንደሚጠብቅ አይቻለሁ። ገዳይ አሥር ዓመት ታስሮ፣ በአመክሮ ወጥቶ፣ በሟች ደጅ በኩል ገበያ ሲወርድ የሟች ልጅ ምን ይሰማዋል? በእኛ አገር ሕጉ ካልገደለ ዘመድ ይገድላል። የአንዱን ነፍስ አተርፋለሁ ስትል ሦስትና አራት ሰው ደም ውስጥ ትከታለህ። የሞት ቅጣት ሕጉ ላይ መኖሩ ብቻ የስንቱን እጅ እንደያዘ አታውቅም።

ከደብረ ሲና፦
ጋሼ፣ «ልቦለድ ነው» ባሉት ላይ ብቻ ልመልስ። ልቦለድ ያልሆነውን ልንገርዎ።

ካሜሮን ቶድ ዊሊንግሃም የሚባል ሰው ነበር፤ እዚያው ቴክሳስ፣ ኮርሲካና ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1991 ቤቱ ተቃጥሎ ሦስት ሴት ልጆቹ ሞቱ። መርማሪዎች ወለሉ ላይ ያለውን የቃጠሎ ምልክት አይተው «ነዳጅ አፍስሶ ነው ያቃጠለው» አሉ። አብሮት የታሰረ ሰው ደግሞ «አቃጠልኩ ብሎ ነግሮኛል» ብሎ መሰከረ። በ1992 ሞት ተፈረደበት። ሊገደል ሲል አንድ የእሳት ሳይንስ ባለሙያ መዝገቡን መርምሮ «ሆን ተብሎ ለመቃጠሉ ማስረጃ የለም» የሚል ሪፖርት ላከ። የሰማው የለም። የካቲት 2004 እ.ኤ.አ. በመርፌ ተገደለ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ባለሙያዎችም ያንኑ ደገሙት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

እንግሊዝም እንዲሁ። ቲሞቲ ኢቫንስ ሕፃን ልጁን ገድለሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1950 ተሰቀለ። እሱም ፖሊስ ፊት አምኖ ነበር። በፍርድ ቤት የመሰከረበት እዚያው ግቢ ምድር ቤት የሚኖረው ጎረቤቱ ክሪስቲ ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ ያ ጎረቤት ብዙ ሴቶችን የገደለ ሰው ሆኖ ተገኘ። ኢቫንስ በ1966 ምሕረት ተደረገለት። ለማን? ለመቃብሩ ነው እንግዲህ።

ሌላም አለ። መጽሐፉ ውስጥ ፍርድ ቤቱ ሰዓት አልፏል ብሎ ማመልከቻ የማይቀበልበት ቦታ ትዝ ይላችኋል? እ.ኤ.አ. መስከረም 2007 ቴክሳስ ውስጥ በእውን ሆኗል። ጠበቆች ትንሽ ጠብቁን ብለው ለመኑ፤ ቢሮው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል ተባሉ። ሰውየው ያን ምሽት ተገደለ። የዚያ ሰው ጥፋተኝነት ሌላ ጉዳይ ነው። ግን የሰው ሕይወት በቢሮ ሰዓት ሲወሰን ሳነብ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠበቃ፣ ደብረ ብርሃን፦
የቴክሳስን ትተን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ ብዙ ሰው ሕጉን ሳያይ ይከራከራል። የሞት ቅጣት አሁንም ሕጋችን ውስጥ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 15 ማንም ሰው ሕይወቱን አያጣም ይልና፣ በሕግ በተደነገገ ከባድ ወንጀል ሲቀጣ ካልሆነ በቀር ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 539 ለከባድ ግድያ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስቀምጣል። ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቀው አይፈጸምም። በይፋ ተፈጸመ የተባለው የመጨረሻው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ የደኅንነት ኃላፊውን ክንፈ ገብረ መድኅንን በመግደል የተፈረደበት ሻለቃ ነው። ስለዚህ ጋሼ፣ የሰውን እጅ የያዘው የሞት ቅጣት ከሆነ፣ ሳይፈጸም በቆየባቸው ዓመታት ሁሉ ምን ያዘው?

ስለ እምነት ቃልም ሕጉ ዝም አላለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግም ፖሊስ በማስፈራራትም ሆነ ተስፋ በመስጠት ቃል እንዳይቀበል ይከለክላል። ችግሩ ማስረዳቱ ላይ ነው። በሩ ተዘግቶ የተደረገውን ተከሳሹ በምን ያስረዳ? ቪዲዮ የለም። ጠበቃው የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ከተፈረመ በኋላ ነው።

የሸዋ ሮቢቷ፦
እኔ መጽሐፉን አላነበብኩም። ግን ጠባሴ ያለው ወንድሜ የጻፈውን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በእኛ ሰፈር የሆነ ነው። ቦታውንም ሰውንም አልጠራም። አንድ ገበሬ በመኸር ወቅት ሌሊት አውድማ ላይ ተገድሎ ተገኘ። ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተጣልተው ነበር። ይሄን አገር ያውቃል። ስለዚህ ጎረቤቱ ተያዘ። ማንበብ አይችልም። የተጻፈውን ወረቀት ፊቱ አስቀምጠው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመበት። ምን እንደሚል አልተነበበለትም፤ «ቶሎ ወደ ቤትህ እንድትሄድ ነው» ተባለ። ሚስቱ ስንቅ ስታደርስ ያ ጣቱ ገና ሰማያዊ ነበር። ቀለሙን እያሳያት «አለቀ፣ ነገ እወጣለሁ» አላት። ወረቀቱ ግን «ገድያለሁ» ነው የሚል። ወራት ታሰረ። ከዚያ የሟች የራሱ ዘመድ በሌላ ነገር ተይዞ ስለ አውድማው ተናገረ፤ መሣሪያውም ተገኘ። ጎረቤቱ ወጣ። በሬዎቹ ተሽጠዋል፤ ልጁ ከትምህርት ቀርቷል። በሕይወት ግን አለ።

ጋሼ፣ እርስዎ ደም ያሉትን አውቀዋለሁ። እስቲ ይንገሩኝ። ያ ሰው በፍርድ ተገድሎ ቢሆን፣ እውነቱም ኋላ ቢወጣ፣ ልጆቹ ደመኛቸው ማን ነው? ዳኛው? ወረቀቱን የጻፈው? የመሰከሩበት ጎረቤቶች? ደሙ ይቀራል ብለው ነው?

ጡረተኛ መምህር፣ አንኮበር፦
ይህ ጥያቄ ከባድ ነው። እኔ ታሪክ አስተማሪ ስለነበርኩ በዚያው በኩል ልሂድ።

ሰው በክስ ብቻ ሲጠፋ አገራችን አዲስ አይደለችም። በድሮ ጊዜ ሌባ ሻይ ይባል የነበረውን አባቶቻችን ነግረውናል። ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባል ነበር። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም፣ ዜና መዋዕላቸው እንደሚለው፣ የገዛ ልጆቻቸውን ሳይቀር ጣዖት አመለኩ በሚል ክስ በከባድ ቅጣት ቀጥተዋል። ንጉሥ ልጁን ከከሳሽ አፍ ማዳን ካልቻለ ድሃውን ማን ያድነዋል?

ሆኖም በፍርድ መሞትን ያለ ፍርድ ከመሞት ጋር አትቀላቅሉብኝ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳዎቹ ሲረሸኑ ዳኛም ይግባኝም አልነበረም። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ያለው ሰው ይሄ ገብቶታል።

አሁን ግን ይህን አስቡት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2000 ዓ.ም. በደርግ ባለሥልጣናት ላይ ሞት ፈረደ። ማስረጃው የአንድ ሌሊት ወረቀት አልነበረም። በፊርማቸው የወጣ ሰነድ ነው፤ ችሎቱም ዓመታት ፈጅቷል። በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች ለመኑ፤ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23ቱን ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡት። ያን ያህል ማስረጃ የቀረበበትን ካልገደልን፣ ማንበብ የማይችለውን ገበሬ በአውራ ጣት ምልክት ለምን እንገድላለን? ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ።

ከመሐል ሜዳ፦
መምህር፣ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ትልቁ ሲሆን ሽማግሌ ይላካል፤ ምሕረት ይገኛል። የልጇን አስከሬን እንኳ ያላገኘች እናት ያኔ ተጠይቃ ነበር? በእኛ ባህል እርቅ ሲሆን የሟች ወገን ይጠየቃል። የገዳይ ወገን አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይወድቃል። ቄሱ መስቀል ይዘው መሐል ይቆማሉ። የሟች አባት «ተነሥ» እስኪል ድረስ ያ ሰው አይነሣም። ምሕረት የሚሰጠው የተበደለው ነው። ቢሮ ተቀምጦ የሚፈርመው ሰው ምን ደርሶበት ነው ይቅር የሚለው?

የሸዋ ሮቢቷ እህቴ፣ ላነሣሽው ጥያቄ የምመልሰው ይሄን ነው። ደሙ አይቀርም። በሐሰት የመሰከረው ላይ ይዞራል፤ ከዚያም ልጆቹ ላይ። እኔም ይሄን አልፈልግም።

የጠባሴው አንባቢ፦
ጋሼ፣ ያ አባት «ተነሥ» የሚለው በሕይወት ላለ ሰው ነው። የሞት ቅጣት እኮ የሟችን ወገንም ያን ቃል የመናገር መብት ይነጥቀዋል። ተሳስተን ገድለን ከሆነማ ደጅ የሚወድቀው ማን ነው? መንግሥት ድንጋይ ተሸክሞ የዶንቴ እናት ደጅ አይመጣም።

ከሕጉ ይውጣ የሚለው ካልተዋጠልዎ ቢያንስ እዚህ ላይ እንገናኝ። በእምነት ቃል ብቻ፣ ሌላ የሚደግፈው ማስረጃ ሳይኖር፣ ማንም ሰው ሞት አይፈረድበት። ምርመራው ከመጀመሪያው ደቂቃ በቪዲዮ ይቀረጽ። ጠበቃ ሳይመጣ ቃል አይወሰድ።

ጠበቃ፣ ደብረ ብርሃን፦
አንድ ልጨምር። ማንበብ የማይችል ሰው ቃል ሲሰጥ ከፖሊስ ውጭ የሆነ ሰው ያንብብለት፤ ያ ሰውም ስሙን ጽፎ ይፈርም። ይሄ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከመሐል ሜዳ፦
ቪዲዮውንም፣ ጠበቃውንም፣ አንባቢውንም እቀበላለሁ። በአንድ ወረቀት ብቻ ሰው አይሙት፤ በዚህ ከእናንተ ጋር ነኝ። ሰው አድፍጦ ሕፃን ያረደ፣ እማኝ ያየው፣ ደሙ ልብሱ ላይ የተገኘ ገዳይ ሲመጣ ግን ሕጉ ባዶ እጁን እንዲቆም አልፈልግም። ከሕጉ ይውጣ በሚለው አልስማማም። እሑድ ደብረ ብርሃን እመጣለሁ፤ ፊት ለፊት እንጨርሰዋለን።