ክርክር፦ ፍሪጅ ለሌለው ሰው የሦስት ወር ኢንሱሊን ይሰጠው?

አስተዳዳሪ፦ ሰላም ጅማዎች። ትናንት የተበታተነውን ወሬ አንድ ቦታ ላምጣው። ከገጠር የሚመጣ የስኳር ታካሚ፣ ቤቱ ፍሪጅ ባይኖርም የሦስት ወር ኢንሱሊን ይዞ ይሂድ? ወይስ በየወሩ ይመላለስ? ስድብ የለም። መጠን ጨምር ቀንስ የሚል ምክርም የለም፤ እሱ የሐኪም ነው።

የደዶ ልጅ፦ ይሰጠው! ይሄ ምኑ ያከራክራል? አባቴ በየወሩ ለአንድ ብልቃጥ ጅማ ድረስ ይመጣል። ትራንስፖርቱ አለ፣ ምሳው አለ፣ ሥራ የፈታበት ቀን አለ። ክረምት መንገዱ ሲበላሽ ደግሞ ጭራሽ ይቀራል። ያኔ ያለችውን እየቆጠበ ይወጋል። ብርድ ከሆነ የተፈለገው ደዶ ራሱ ፍሪጅ ነው።

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ አባትህን ይማርልህ። እኔ የማየውን ልንገርህ። ሰው ብልቃጡን መስኮት ላይ ፀሐይ ያስመታዋል። ኪሱ ከትቶ ገበያ ይውላል። ሌላው እንዳይሞቅበት ብሎ በረዶ ቤት ይከተዋል። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይታመንም፣ ይጣላል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ ነው። የተከፈተው አራት ሳምንት ገደማ። ደግሞ ሰውዬው ሲመጣ ስኳሩን እለካለሁ፣ እግሩን አያለሁ። ሦስት ወር ሳላየው ቁስል ይዞ ቢመጣስ?

ፋርማሲስቱ፦ ሲስተር ያሉት ልክ ነው፣ ግን ነገሩ ማሸጊያው ላይ አያበቃም። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ኬንያ ዳዳብ ያለውን የስደተኞች ጣቢያ ሙቀት ለኩ። ቀንና ሌሊት ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ይዋልላል። ኢንሱሊኑን በዚያው ሙቀት አራት ሳምንት አስቀምጠው መረመሩት። ፍሪጅ ከዋለው ጋር ልዩነት አልነበረውም። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በ2023 ደግሞ ኮክሬን የሚባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ዓለም አቀፍ ድርጅት ያሉትን ጥናቶች ሰብስቦ አየ። ያልተከፈተ ሂውማን ኢንሱሊን (የሰውን ኢንሱሊን አስመስሎ የሚሠራው ተራው ዓይነት) እስከ 25 ዲግሪ ስድስት ወር፣ እስከ 37 ዲግሪ ሁለት ወር ይቆያል አለ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ጥላ ያለው ጓዳ 37 አይደርስም። ወደ ሞቃቱ ጊቤ ሸለቆ ለሚወርደው ግን ሌላ ሒሳብ ነው።

አጂፕ ሰፈር፦ ይሄን የኮክሬን ጥናት የኢንሱሊን አምራቾቹ ናቸው ያስጻፉት?

ፋርማሲስቱ፦ አላስጻፉትም። ግን አምራቾች በእጃቸው የነበረ ያልታተመ መረጃም ተካቶበታል። እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። መረጃው ካላቸው ለምን ፍሪጅ ለሌለው ሰው በሚገባ መንገድ አልጻፉትም?

የሂርማታ እናት፦ ስለ ገጠር ብቻ አታውሩ እባካችሁ። እኔ ፍሪጅ አለኝ፤ የሌለኝ መብራት ነው። የልጄን መድኃኒት ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ ከትቼ፣ መሃሉን በአሸዋ ሞልቼ፣ አሸዋውን ውሃ እያጠጣሁ ነው የማኖረው። ይቀዘቅዛል።

ሲስተር፦ ጎበዝ እትዬ። ሐምሌና ነሐሴ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ውሃው ቶሎ አይተንም። ያኔ ማሰሮው ብዙ አያቀዘቅዝም። ደግነቱ ክረምቱ ራሱ አይሞቅም።

አጂፕ ሰፈር፦ በሳምንት አንዴ የሚወጋ ኢንሱሊን ወጥቷል ይባላል። እሱ ቢመጣ ክርክሩ ሁሉ ያበቃ ነበር።

ፋርማሲስቱ፦ አይኮዴክ ይባላል። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2024 ፈቅዳዋለች፣ አሜሪካ በዚያው ዓመት አልፈቀደችም። ዓይነት 1 የስኳር በሽታ (ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን የማያመርትበት) ያለባቸው ላይ ስኳር ከልክ በታች የመውረድ ነገር በዝቶ ታይቷል። አንዴ የተወጋ ለሳምንት ሰውነት ውስጥ ነው፤ በማግስቱ ብትታመምና ምግብ ባትበላ መልሰህ አታወጣውም። እሱም ቢሆን ፍሪጅ ይፈልጋል። እሱን ስንጠብቅ ተራው ብልቃጥ እንዳይጠፋብን ነው የምፈራው።

የደዶ ልጅ፦ ሲስተር፣ ወደ ጥያቄው ይመልሱን። ሁለት ወር ቢሆንስ? ጥናቱም የሚለው ይሄንኑ ነው።

ሲስተር፦ ስኳሩ የተስተካከለ ሰው ከሆነ በሁለት ወር እስማማለሁ። በሦስት ወር አልስማማም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አንድ ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ነው። በቀን 40 የሚወጋ 25 ቀን ይበቃዋል። በቀን 20 የሚወጋው ግን 50 ቀን ይቆይለታል። በአራተኛው ሳምንት ግማሽ የሚጠጋውን ጣለው ብለው ማን ይሰማኛል? ያልተከፈተው ብዙም አያስጨንቀኝም። መርፌ እየገባበት ሁለት ወር የሚጠጋው እሱ ነው የሚያሳስበኝ።

ፋርማሲስቱ፦ እዚህ ላይ አልከራከርዎትም። ኮክሬን ያንን ቁጥር የሰጠው ላልተከፈተው ነው።

የሂርማታ እናት፦ ደመና የሚመስለው ኢንሱሊን ታች ሲዘቅጥስ ተበላሽቷል ማለት ነው?

ሲስተር፦ አይደለም። በመዳፍዎ መሃል ቀስ አድርገው ያንከባሉት፣ አይናጡት። እኩል ከተቀላቀለ ደህና ነው። ከተጓጎለ ወይም ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አይውጉት።

የደዶ ልጅ፦ እሺ፣ ሁለት ወር ይሁን። መሃል ላይ እኛው ሰፈር ጤና ጣቢያ ስኳሩን ይለኩለት፣ እግሩንም ይዩለት።

ሲስተር፦ በምን ይለኩለታል? ማሽኑ አለ። ደሙ የሚነካበት ስትሪፕ የለም።

የደዶ ልጅ፦ እንግዲያው ክርክሩን ከዚያ መጀመር ነበረብን።