ኮምቦልቻ ላይ የኢንሹራንስ ወኪልነት ያዋጣል ወይ?

ሰላም ናችሁ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ትንሽ ቅርንጫፍ ወኪል ሆነህ ሥራ ብሎኛል። ሥራ አስኪያጁን ጨምሮ አራት ሰው ነው ያለው። ደሞዝ የለም፣ ኮሚሽን ብቻ። አሁን የአንድ ሱቅ ሒሳብ እሠራለሁ፣ ደሞዙ ትንሽ ቢሆንም ወር ጠብቆ ይመጣል። ባለቤቴ «በእጅህ ያለውን አትልቀቅ» ትላለች። ሥራውን የምታውቁት እስኪ ሐቁን ንገሩኝ።

መልስ 1
ወንድሜ፣ እኔ ደሴ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድህን ጨርስ፣ ያለሱ እንዳትነካው። ሦስተኛ ወገን ላይ ብዙ አትደገፍ። ሕግ ስለሚያስገድድና ያለሱ ቦሎ ስለማይገኝ ባለመኪናው በእግሩ ይመጣል፣ ኮሚሽኑ ግን የሻይ ነው። እንጀራው ያለው ሙሉ ሽፋን፣ እሳትና የጭነት ዕቃ ላይ ነው። ደረቅ ወደብና ፋብሪካ ስላላችሁ ከእኛ ትሻላላችሁ፤ ግን እኔ የሞከርኳቸው ፋብሪካዎች «ይሄ በአዲስ አበባ ነው የሚያልቀው» ብለው ነው የመለሱኝ።

አንድ ነገር ልንገርህ። አንድ የአይሱዙ ደንበኛዬ ውሉ ሊያልቅ ሲል ደወልኩለት፣ «ሰኞ እከፍላለሁ፣ አንተ ብቻ አድሰው» አለኝ። ዓረቦን ሳይከፈል ሽፋን እንደሌለ እያወቅኩ፣ የሰፈር ሰው ነው ብዬ «ችግር የለም» አልኩት። እሁድ ማታ ሐረጎ ላይ ጉም ውስጥ ከግንብ ጋር ተላተመ። ካሳ የለም። እስከ ዛሬ ፒያሳ ላይ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። እውነቱን ለመናገር አልፈርድበትም።

መልስ 2
ልክ ነው። እኔም ሰኞ ገበያ አካባቢ እሸጣለሁ። ግማሹ ነጋዴ «ቅሬ (እድር) አለን እኮ» ይለኛል። ቅሬ ለቅሶ ላይ ይደርሳል፣ የተቃጠለ ሱቅ ግን አያቆምም እላቸዋለሁ። ሌላው «ወለድ የለበትም ወይ?» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ እዚህ ወሎ ነው፣ ይሄን ጥያቄ አታመልጠውም። ድርጅቱ የተካፉል፣ ማለትም ከወለድ ነፃ የሆነ የኢንሹራንስ አገልግሎት እንዳለው ሳትጠይቅ አትፈርም። ከሌለው ብዙ በር ይዘጋብሃል።

መልስ 3
የመጀመሪያውን ዓመት በቁጠባ መኖር ካልቻልክ ተወው። ገንዘቡ የሚመጣው እድሳት ሲጀምር ነው።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ ወገኖቼ። የሱቁን ሒሳብ ማታ ማታ እየሠራሁ መጀመር ይቻል እንደሆነ ነገ ሥራ አስኪያጁን አናግራለሁ። ስለ ተካፉሉም እጠይቃለሁ።

መልስ 1
ጠይቀው። «ሰኞ እከፍላለሁ» ለሚል ደንበኛ ምን እንደሚሉም አብረህ ጠይቅ።