«ዱካክ ተጫነኝ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። እናቴ ሌሊት በድንጋጤ ስትነሳ «ዱካክ ተጫነኝ» ትላለች። ዱካክና ቅዠት አንድ ናቸው? ወይስ ዱካክ የመንፈስ ስም ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንድ አይደሉም። የሚቃዥ ሰው ተኝቷል፤ ይወራጫል፣ ይለፈልፋል። ዱካክ የተጫነው ግን ነቅቷል። ጣሪያው ይታየዋል፣ ውጭ ውሻ ሲጮኽ ይሰማዋል። እጁን ላንሳ ቢል እምቢ ይለዋል። ልጩህ ቢል ድምፅ የለም። ደረቱ ላይ ከባድ ነገር ተቀምጧል፤ በሩ ጋ ደግሞ የሆነ ሰው ቆሟል።

ሕልም በምናይበት ሰዓት አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያስራቸዋል፤ ባያስራቸው በሕልማችን የምንሮጠውን በእውን እንሮጥ ነበር። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና እስሩ ሳይፈታ ይቆያል። ሕልሙም ገና አላለቀም፣ በተገለጠ ዓይን ይቀጥላል። በጀርባ መተኛትና እንቅልፍ ማጣት ያብሱታል።

ታዲያ መንፈሱ ከየት መጣ? የፈራ አእምሮ «ምንድን ነው?» ከማለቱ በፊት «ማነው?» ይላል። በጨለማ ቁጥቋጦ ሲንኮሻኮሽ ጅብ መስሎት የሸሸ ቢሳሳት ምንም አይጎዳም። ነፋስ ነው ብሎ የቆመ ከተሳሳተ ግን አለቀለት። አማርኛችንም ለዚህ ይመቻል፦ ምች ይመታል፣ ዛር ይሰፍራል፣ ቡዳ ይበላል፣ ዱካክ ይጫናል። ሁሉም አድራጊ አለው።

ቋንቋው እምነቱን ፈጠረው ግን አልልም። ጃፓኖች ይህንኑ «ካናሺባሪ» ይሉታል፣ በብረት መታሰር እንደማለት ነው። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ደረት ላይ የምትቀመጠው አሮጊት ናት። ከእኛ ጋር አልተማከሩም፤ የሰው ገላ አንድ ስለሆነ ነው። ስለዚህ «ያልተማረ ሰው ወሬ ነው» ብሎ ማጣጣል በጣም ያናድደኛል። ሰውየው የደረሰበትን ነው የተናገረው።

ሌላ አባል፦ ጫት የሚቅሙ ልጆች ሳይቅሙ ያደሩ ሌሊት የሚያዩትን አስፈሪ ሕልምም ዱካክ ይሉታል እኮ።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ በእነሱ አፍ ቃሉ ሰፋ ይላል። ጠያቂያችን፣ እናትህ በጎናቸው ቢተኙ ይሻላቸዋል። ትራስጌ ዳዊት ካላቸው እንዳታነሳባቸው። ፍርሃቱን ያቀልላቸዋል፤ ፍርሃቱ ሲቀል እንቅልፉም ይመጣል።