ያን ረቡዕ በሩን ቆልፌያለሁ ወይስ ሁሌ ስለምቆልፍ ነው የሚመስለኝ?

ቁልፍ ያዡ፦
ጤና ይስጥልኝ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ባለፈው ወር አንድ ረቡዕ በሩ ክፍት አድሮ ተገኘ ተብሎ፣ አሁን በጽሑፍ መልስ ስጥ ተብያለሁ። የጠፋ ነገር የለም። ግን «በዕለቱ በስንት ሰዓት ወጡ? በሩን ቆልፈዋል? ማን አይቷል?» የሚል ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብሏል።

በሩ አመለኛ ነው። በትከሻ ገፋ ካላደረጉት አይገጥምም። ገፍቼ፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዙሬ፣ እጀታውን ሳብ አድርጌ ነው የምሄደው። ይህን እንደማደርግ እምላለሁ። ያን ረቡዕ ማድረጌን ግን ማስታወስ አቃተኝ፤ ሳስብ የሚመጣልኝ በሩ እንጂ ቀኑ አይደለም። ምን እንደለበስኩ፣ ከማን ጋር እንዳወራሁ፣ ዝናብ ይኑር አይኑር፣ ምንም! ያለፈው ወር እኮ ነው። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው ወይስ የእኔ ጭንቅላት ነው? ደግሞስ «ቆልፌያለሁ» ብዬ ብፈርም ዋሸሁ ይባላል?

ማኅደር፦
ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፣ አትጨነቅ። ዊለም ዋግናር የሚባል የኔዘርላንድስ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለ6 ዓመት የገጠመውን እየመረጠ ጻፈ፤ ምን ሆነ፣ ከማን ጋር፣ የት፣ መቼ እያለ። ወደ 2,400 የሚጠጋ ገጠመኝ ሰብስቦ ራሱን ፈተነና ውጤቱን በ1986 እ.ኤ.አ. አሳተመ። «ምን» የሚለው ፍንጭ ከሁሉም በላይ ሲያስታውሰው፣ «መቼ» ብቻውን ሲሰጠው ግን የረባ ነገር አላመጣለትም። አንተን የጠየቁህ ደግሞ በዚሁ በደካማው በኩል ነው፣ በቀን።

የበሩም ጉዳይ ቢሆን፣ ዘወትር የሚደረግ ነገር እርስ በርሱ ይደራረባል። አንዱ መቆለፍ ከሌላው የሚለይበት ምልክት ስለሌለው «እንዲህ ነው የማደርገው» የሚል ዕውቀት ብቻ ይተርፋል። እሱ ደግሞ የዚያች ማታ ትዝታ አይደለም።

ልበ ሙሉ፦
እኔ በዚህ አልስማማም። ያለፈውን ዓመት እንደ ትናንት ነው የማስታውሰው። ወንድሜ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ቁጭ ብለህ ዓይንህን ጨፍን፤ ደጋግመህ ስታስብ ይመጣልሃል።

ማኅደር፦
ይመጣል፤ የሚያስፈራኝም መምጣቱ ነው። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ጥር 28 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. ስትፈነዳ፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኡልሪክ ናይሰርና ኒኮል ሃርሽ ተማሪዎችን በማግስቱ ወሬውን የት ሆነው እንደሰሙ አስጻፏቸው። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ደግመው ሲጠይቋቸው ብዙዎቹ ሌላ ታሪክ ተናገሩ፣ ያውም በእርግጠኝነት። የገዛ ጽሕፈታቸውን አይተውም የመጀመሪያው ትዝታ አልተመለሰላቸውም። ያን የሚያህል ነገር እንዲህ ከሆነ፣ ደጋግሞ በማሰብ የሚመጣ የበር መቆለፍ ምኑ ይታመናል?

ደብተርተኛዋ፦
ክርክሩን ተዉትና ወደ ሥራው። ቀኑን ትተህ በ«ምን» ግባ። በዚያ ዕለት ከክፍሉ ዕቃ ወጥቶ ከሆነ ሰነዱን ፈልግ፣ ስልክህ ላይ የዚያን ማታ ጥሪና መልእክት እይ። ቀኑ የተጻፈበት ነገር ስታገኝ ከዚያ ተነሥ። የምታገኘውን ሁሉ ግን ከዚያው ከሰነዱ ጎን ጻፈው፤ ከወረቀት ያገኘኸውን ለብቻ፣ ትዝ ያለህን ለብቻ።

ቁልፍ ያዡ፦
ደብተርተኛዋ እጅሽ ይባረክ! የዚያ ረቡዕ ሰነድ ላይ ረጅሙ መሰላል ወጥቷል፣ ሰዓቱም ከሥራ መውጫ በኋላ ነው። ይህን እንዳየሁ መሰላሉ ኮሪደሩ መታጠፊያ ላይ አልዞር ብሎ ግድግዳውን ሲፍቅ ትዝ አለኝ፤ እኔ በሩን በእግሬ ደግፌ «ቀስ፣ ቀስ» እያልኩ ነበር። የተረከበውም ሰው ራሱ ሳልጠይቀው ስለ ግድግዳው አነሣልኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ጨለማ ነው። በሩን ለቅቄ ይሁን ቆልፌ ምንም የለኝም።

እናም እንዲህ ጻፍኩ፦ «መሰላሉን በሰነዱ ላይ በተመለከተው ሰዓት አስረክቤአለሁ። በሩን ዘወትር እቆልፋለሁ፤ በዚያ ዕለት መቆለፌን ግን ለይቼ አላስታውስም።» አለቃዬ አንብቦ «አዎ ወይም አይደለም በል» ብሎ መለሰልኝ።

ደብተርተኛዋ፦
አትንካው፣ እንዳለ መልስለት። የሰነዱን ቅጂ አያይዝና መሰላሉን የተረከበው ሰውም ያየውን ለብቻው ይጻፍ፤ አንተ የጻፍከውን ሳያነብ ግን።