ለተማሪዎች ስለ አትክልትና ፍራፍሬ በ1 ሰዓት ምን እናስተምር?

የጤና ክበብ አስተባባሪ፦
በዩኒቨርሲቲያችን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ አመጋገብ የ1 ሰዓት ትምህርት ልንሰጥ ነው። 40 ያህል ይመጣሉ። ቀን የሚበሉት ካፌ ነው፤ ማታ ከግቢ ውጭ እርጥብ (ድንች በዳቦ) ወይም ፓስታ። የቫይታሚን ዝርዝር አንብበንላቸው እንዲበተኑ አንፈልግም። ከምን እንጀምር? ምንስ እንግዛ?

የሥነ ምግብ መምህር፦
ከሚዛን ጀምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይላል፤ ግን 400 ግራም ምን ያህል እንደሆነ በዓይኑ የሚለይ ጥቂት ነው። የወጥ ቤት ሚዛን፣ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ሙዝ፣ ብርቱካንና ድንች ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። አምስት አምስት ሆነው መጀመሪያ በግምት ይለዩ፣ ከዚያ ይመዝኑ። ሙዝና ብርቱካን ተልጠው ነው የሚመዘኑት፤ ከነልጣጫቸው ከሆነ ቁጥሩ ያታልላል። ድንች ያስገባ ቡድን ካለ ድንቹን አስወጡት፤ ስታርች ስለሚበዛው ከ400 ግራሙ አይቆጠርም። እርጥብ የበላ ሁሉ አትክልት የበላ ይመስለዋልና እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ጥያቄ የሚበዛውም እዚሁ ነው።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
አስተጣጠቡን ካላሳያችሁ ትምህርቱ ጎዶሎ ነው። ብዙ ተማሪ ሰላጣ የሚሸሸው አሜባና ታይፎይድ ፈርቶ ነው፣ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። ቅጠሉ አንድ በአንድ ተገንጥሎ በሚፈስ ንጹህ ውሃ እየታሸ ይታጠብ። ሳፋ ውስጥ ነክሮ ማውጣት የአንዱን ቅጠል ቆሻሻ ወደ ሌላው ያዳርሳል። ደግሞም ከመከተፉ በፊት ይታጠብ፤ ተከትፎ ሲታጠብ ቫይታሚን ሲ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ የወስፋት እንቁላል አይገድልም። ውሃው የሚያጠራጥር ከሆነ ተልጦ የሚበላ ፍሬ ወይም የበሰለ ጎመን ይሻላል። ሥጋ የተቆረጠበት ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ለሰላጣ እንዳይውልም ንገሯቸው።

ጤና መኮንን፦
ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር ልጨምር፤ በተለይ የወር አበባ ለሚያዩ ሴት ተማሪዎች። በምስርና በጤፍ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። ቫይታሚን ሲ ያግዛል፦ ከምስር ወጡ ጋር ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ። ሻይና ቡና ግን በተቃራኒው ያግዱታል። ካፌ ውስጥ ከምሳ ጋር ሻይ የሚጠጣ ተማሪ ቢያንስ 1 ሰዓት ቆይቶ ቢጠጣው ይጠቀማል።

የጤና ክበብ አስተባባሪ፦
እናመሰግናለን። ጁስ ከ400 ግራሙ ይቆጠራል የሚል ቢነሳ ምን እንበል?

የሥነ ምግብ መምህር፦
ሙሉውን ፍሬ ይብሉ በሏቸው። ተጨምቆ ሲጠለል አሰሩ ወንፊት ላይ ይቀራል፣ ስኳሩ ግን ብርጭቆው ውስጥ ነው፤ ጁስ ቤት ደግሞ ስኳር ይጨመርበታል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። በቀን 3 ብርጭቆ ሻይ በ3 በ3 ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 36 ግራም ደርሷል፤ 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ጣሪያው 50 ግራም ነው። ስኳሩን በብርጭቆ እየሰፈራችሁ አሳዩአቸው።